ቀጠሮ ያለው እግር

*ለወራትና ለዓመታት የሚዘልቅ የሩጫ ልምምድ በወኔ ብቻ አይቆምም። ታዲያ ሯጮችን በየማለዳው ከአልጋቸው የሚያነሳቸው ምንድን ነው?*

ከንጋቱ 11 ሰዓት ገና አልሞላም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰንዳፋ በሚያወጣው አስፋልት ዳር፣ ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ወጣቶች ሁለትም ሦስትም ሆነው ቆመዋል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ብዙ የሚያወራ የለም። የቡድኑ ሰርቪስ መብራቱን አብርቶ ሲደርስ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን መልሰው ይከድናሉ። አውቶቡሱ በየማዞሪያው እየቆመ ሌሎችን ይለቅማል። ያልመጣ ካለ ስልክ ይደወልለታል።

ሰንዳፋ ሲደርሱ ሰማዩ መገርጣት ጀምሯል። ጃኬት ይወልቃል፣ የጫማ ማሰሪያ ይጠብቃል። አሠልጣኙ የዕለቱን ሥራ ባጭሩ ይናገራል፦ ስንት ደቂቃ፣ በምን ፍጥነት፣ ማን ማን ይመራል። ከዚያ ሰልፉ ይነሳል። አነሳሱ በጣም ዝግ ያለ ነው፤ በማለዳ ወደ ገበያ የሚገሰግስ ገበሬ ለጥቂት ጊዜ አብሯቸው ሊራመድ ይችላል። ቀስ በቀስ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው ተረከዝ እያየ መስመር ይይዛል። ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥም ከፊት ያለው በእጁ ወደ መሬት ያመለክታል፤ ምልክቱ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ እስከ መጨረሻው ሯጭ ይደርሳል። ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሁሉም ኮቴ አንድ ምት ይይዛል።

ይህን ሰልፍ ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁሉም በወኔ የተሞሉ ይመስሉታል። ሯጮቹ ሲጠየቁ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። ብዙ ማለዳ ፍላጎት የሚባል ነገር የለም። እግር ከትናንት በስቲያው ሥራ ገና አልተፍታታም፤ አልጋው ይሞቃል፤ ውጪው ጨለማ ነው። ያም ሆኖ ይወጣሉ። የሚወጡት ፍላጎት በሌለበት ማለዳ የሚሸከማቸው ሥርዓት ስላላቸው ነው፦ የሚጠብቃቸው ሰው፣ የታወቀ ቦታ፣ የየራሱ ሥራ ያለው ቀንና የተከበረ ዕረፍት። ይህ ሥርዓት ለሻምፒዮን ብቻ የተሠራ አይደለም። ደመወዝተኛውም፣ ተማሪውም፣ ጡረተኛውም በአቅሙ ሊይዘው ይችላል።

ስሜቱ ቀድሞ አይመጣም

ስለ ረጅም ርቀት ሩጫ፣ ስለ ብስክሌት ወይም ስለ ሌላ ጽናት የሚጠይቅ ስፖርት ሲወራ ሁላችንም የምንደግመው አንድ ነገር አለ፦ ተነሳሽነት ያስፈልጋል። ነገሩ ልክ ነው፤ የሚያሳስተው ቅደም ተከተሉ ነው። መስከረም ሲጠባ ስንቱ ሰው «ዘንድሮስ» ብሎ የስፖርት ጫማ ይገዛል። ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫን ቲሸርት ለብሶ፣ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ፣ እየዘፈነም እየሮጠም 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። ጥር ላይ ጫማው አልጋ ሥር ገብቷል። ይህን ሰው ሰነፍ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ የመጀመሪያው ሞቅታ ሲያልፍ የሚይዘው ነገር አላዘጋጀም።

የጽናት ስፖርት ዋጋውን ዘግይቶ ነው የሚከፍለው። አንድ ሰው ዛሬ ለአርባ ደቂቃ ቢሮጥ ዛሬ የሚያገኘው ድካም ነው። የሚመኘው ለውጥ በሰውነቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሠራል፦ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ደቃቅ የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ በሕዋሳት ውስጥ ከምግብ ጉልበት የሚያወጡት ማይቶኮንድሪያ የተባሉ ክፍሎች በመጠንም በብዛትም ያድጋሉ። ይህ ሁሉ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። ጅማትና አጥንት ደግሞ ከልብና ከሳንባም ይዘገያሉ። «ትንፋሼ ተስተካክሏል» ብሎ ርቀቱን በድንገት የሚያበዛ ጀማሪ ጉልበቱን ወይም ቅልጥሙን የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም አታላይ ናቸው። ሰውየው የሚሰማው ድካሙን ብቻ ነው፤ ለውጡ ገና አልታየውም። በስሜቱ ብቻ የሚመራ ከሆነ የሚያቋርጠው ለውጡ ሊታየው ሲል ነው። አሠልጣኞች ጀማሪን ሲቀበሉ ፍጥነቱን ከማየታቸው በፊት መምጣቱን የሚያዩት ለዚህ ነው። ሳይቀር ከመጣ ሌላው በጊዜው ይደርሳል።

በአንድ ቀን ውስጥም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ልምድ ያላቸው ሯጮች ከአንድ ሰዓት ሩጫ ውስጥ ከባዱ የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ናቸው ይላሉ። ሰውነት ገና አልሞቀም፤ ትንፋሽና እርምጃ አልተግባቡም፤ ሐሳብ ወደ ቤት ይመለሳል። ደም ሲሞቅ፣ መገጣጠሚያ ሲላላ፣ ያ ማለዳ የጠፋው ፍላጎት መንገድ ላይ ያገኛቸዋል።

> ስሜት ልምምዱን አይጠራውም፤ ልምምዱ ነው ስሜትን የሚጠራው።

ከፊት ያለው ተረከዝ

ማይክል ክሮውሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ 15 ወር ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ ከማራቶን ሯጮች ጋር እየኖረና እየሮጠ ያየውን እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። እሱ ራሱ ጎበዝ ሯጭ ነው። ካስገረሙት ነገሮች አንዱ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ብቻውን የሚሮጥን ሰው የሚያዩበት ዓይን ነበር። ብቻ መሮጥ ለጤና ይሆናል፤ መለወጥ የፈለገ ግን ከሰው ጋር መሮጥ፣ የሌላውን እግር መከተል አለበት ብለው ነግረውታል።

ይህ አስተሳሰብ በሳይንስም ድጋፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ ብስክሌተኞች ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ሲፎካከሩና ከሌላ ሰው ጋር ሲጋልቡ የሚያስመዘግቡትን ፍጥነት አነጻጽሮ፣ ከሰው ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ ጽፏል። በስፖርት ሥነ ልቦና ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች አንዱ ተደርጎ የሚቆጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተብሎበታል፤ መሠረቱ ግን አልተናወጠም።

ሯጮቹ ሲያስረዱት ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። የሚከተል ሰው አይወስንም። ፍጥነቱን የሚለካው፣ መንገዱን የሚመርጠው፣ ነፋሱን የሚመታው ከፊት ያለው ነው። ከኋላ ያለው ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ያን ተረከዝ አለማጣት። አእምሮው ያርፋል። ነገ ደግሞ ተራው የእሱ ይሆናል፤ መሪነት በየደቂቃው ወይም በየቀኑ ይዘዋወራል። ሁልጊዜ ከኋላ ተደብቆ ሄዶ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚያመልጥ ሰው በቡድን ውስጥ አይወደድም። የሌላውን ጉልበት የበላ ተደርጎ ይታያል።

ይሉኝታም ሥራውን ይሠራል። ሰርቪሱ ማዞሪያው ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ጓደኛ ስልክ እየደወለ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መቅረት ለኛ ሰው ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ይሉኝታን እንደ ድክመት እንቆጥረዋለን። በልምምድ ሜዳ ግን ትልቅ ሀብት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለው የዓመት ልምምድ በቡድን ሲከፋፈል ይቀላል።

ተራራ፣ ኮረኮንች፣ አስፋልት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ሰው በሚስበው አየር የሚያገኘው ኦክሲጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ይህን ነው። ከፍታው ጠቃሚ ቢሆንም በዚያው ከፍታ የሚኖር ሚሊዮን ሕዝብ ማራቶን አይሮጥም። ልዩነቱን የሚያመጣው ቦታውን የሚጠቀሙበት መንገድ ነው።

ሯጮች ለየቀኑ የሚስማማ ቦታ ይመርጣሉ። እንጦጦ ለዳገትና ለትንፋሽ ነው፤ ማለዳ ቅዝቃዜው ከባድ ስለሆነ ዝግ ብለው ይሮጡበታል። ሱሉልታ ሰፊ ሜዳ አለው፤ ሣሩ ለእግር ይለሰልሳል። ሰንዳፋ ኮረኮንችም አስፋልትም ይገኝበታል። አቃቂ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ፍጥነት ለመሥራት ይመረጣል። አስፋልት እግር ይጎዳል ተብሎ በሳምንት ለተወሰነ ቀን ብቻ ይፈቀዳል። አንድ ሯጭ ዛሬ የት እንደሚሮጥ ሲነገረው እንዴት እንደሚሮጥም አብሮ ተነግሮታል።

በእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ የሚደረገው ሩጫ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የተጠረገ መንገድ ላይ አይሮጡም። መሪው በዛፎቹ መሐል ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ወደ ግራ ይመለሳል፣ ቁልቁለቱን በሰያፍ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ተከታዮቹ ቅርንጫፍ እየገፉ፣ ሥር እየዘለሉ ይከተሉታል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ማወቅም አያስፈልግም። ዓይን ሥራ ስላለው ደቂቃው ሳይታወቅ ያልፋል። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ሰዓት እያየ የሚሮጥ ሰው በወር ውስጥ ቢሰለች አይገርምም። ስልቹነት ብዙ ጊዜ ከመንገዱ የሚመጣ ነው፤ መንገዱ ሲለወጥ ይለቃል።

ዝግ ያለው ቀን

ሩጫ የማያውቅ ሰው ሻምፒዮኖች በየቀኑ እስኪወድቁ የሚሮጡ ይመስለዋል። ጠዋት እንጦጦ ላይ ያያቸው ሰው ግን የዓለም ደረጃ ያላቸው አትሌቶች እየተጨዋወቱ፣ አንድ ጤነኛ ሰው ሊከተላቸው በሚችለው ፍጥነት ሲያዘግሙ ያገኛቸዋል። ከባድ ሥራ በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። የቀረው በአብዛኛው ቀላል ሩጫ ነው። ቀላል መሆኑ የሚታወቅበት መለኪያም ቀላል ነው፦ እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በመጡ ቁጥር አቅማቸው እስኪያልቅ ይሮጣሉ። ሰውነታቸው ሩጫን ከሥቃይ ጋር ያቆራኘዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት እግራቸው ሳይሆን ልባቸው እምቢ ይላል። ሁልጊዜ የሚያሠቃይ ነገርን መሸሽ የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው። ዝግ ብሎ የሮጠ ሰው ግን ሲጨርስ ጉልበት ይተርፈዋል፤ የተረፈው ጉልበት ነው ነገ የሚያወጣው።

ሰውነት የሚጠነክረው ደግሞ ሲሮጥ ሳይሆን ሲያርፍ ነው። ልምምድ ያደክማል፣ በጥቂቱም ይጎዳል፤ የሚጠግነውና ከበፊቱ አጠንክሮ የሚሠራው እንቅልፍና ምግብ ነው። ጎበዝ ሯጮች ከልምምድ መልስ በልተው ከሰዓት በኋላ መተኛታቸውን እንደ ሥራቸው ክፍል ያዩታል። ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን የሚጾሙ ሯጮችና አሠልጣኞቻቸው ከባዱን ሥራ ሲያቀሉ፣ ሰዓቱን ሲያዛውሩ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያልበላ ሰውነት አይጠገንም።

የአእምሮ ድካምም ይቆጠራል። ሳሙኤሌ ማርኮራ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ለ90 ደቂቃ በኮምፒውተር ላይ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ከሠሩ በኋላ ብስክሌት ሲጋልቡ፣ አእምሯቸው ካልደከመበት ቀን ቀድመው ያቆሙ ነበር። ልባቸውና ጡንቻቸው ያው ነበር፤ የተለወጠው ድካሙ የተሰማቸው መጠን ነው። ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤቱ የደረሰ ሰው «መሮጥ አቃተኝ» ቢል እያታለለ አይደለም። ያለው አማራጭ ቀላሉን መምረጥ ወይም ሰዓቱን ወደ ማለዳ ማዛወር ነው።

> የተረፈው ጉልበት ነው ነገ የሚያወጣው።

ተጠባባቂው

ልምምድን ከውጤት ጋር ብቻ ያሠረ ሰው ውጤቱ ሲርቅ ልምምዱም ይርቀዋል። የአገራችን የሩጫ ታሪክ ተቃራኒውን የሚያሳዩ ሰዎች አሉት።

ምሩጽ ይፍጠር፣ ማርሽ ቀያሪው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ግን ሳይሮጥ አመለጠው። በ1976 ሞንትሪያል፣ ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመላኳ በተነሳው ተቃውሞ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከውድድሩ ወጣች። ሌላ አራት ዓመት። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ወሰደ። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስምንት ዓመት ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ማለዳው ስንት እንደሆነ ማሰብ ይበቃል።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና የ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታ፣ ከዚያ ጉዳትም እናትነትም አሳልፋ፣ በ2000 ሲድኒ ያንኑ ወርቅ ደገመችው። በ2009 ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ቀነኒሳ በቀለ ለዓመታት ጉዳት ሲያመላልሰው ቆይቶ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጠ፤ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ዘገየ። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

ከሁሉም ይልቅ ግን የታምራት ቶላ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ተጠባባቂ ማለት ለውድድር መዘጋጀት እንጂ መወዳደር ያልተፈቀደለት ማለት ነው። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ታምራት ተተካ። በሁለት ሳምንት ማራቶን የሚዘጋጅ ሰው የለም። ያን ሥራ ቀድሞ የሠራው፣ እንደሚወዳደር ሳያውቅ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ዳገቱ በበዛው የፓሪስና የቬርሳይ መንገድ ላይ 2:06:26 ሮጦ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አጠለቀ። መመረጥ በእጁ አልነበረም። ልምምዱ በእጁ ነበር።

> መመረጥ በእጁ አልነበረም። ልምምዱ በእጁ ነበር።

እንጀራ የሆነ ሩጫ

በኢትዮጵያ ለብዙ ወጣት ሩጫ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ይህን ሳያነሱ ስለ ተነሳሽነት መጻፍ አይቻልም። በአርሲዋ በቆጂ የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ሻምፒዮን መውጣቱ ለሚከተለው ትውልድ ሁሉ ምስክር ነው። ጎረቤቱ ሻምፒዮን የሆነ ልጅ «አይቻልም» የሚል ሰው አይሰማም። እንደ መከላከያና ንግድ ባንክ ያሉ ክለቦች ለአትሌቶቻቸው ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ። ከዚያ በላይ ማናጀር፣ የውጭ ውድድር፣ ለወላጅ የሚሠራ ቤት አለ።

ይህ ተስፋ ከባድ ጉልበት ይሰጣል። አደጋም አለው። ወደ ክለብ የሚገባው ከሚሮጠው ጥቂቱ ነው፤ ወደ ውጭ ውድድር የሚሄደው ከዚያም ያነሰ ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ተነሳሽነት ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፦ በራስ ፈቃድ መሥራትን፣ እየቻሉ መምጣትን ማየትንና ከሌሎች ጋር መተሳሰርን። ሽልማት ብቻውን ሲቆም እነዚህን ሊሸረሽር ይችላል። ቤተሰብ የላከውን ብር እያሰበ የሚሮጥ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል። ቢያርፍ ቦታው የሚወሰድበት ይመስለዋል። በታመመ እግር ሮጦ የወር ጉዳቱን የዓመት ያደርገዋል።

ለሴቶቹ መንገዱ ይበልጥ ይጠባል። ከልምምድ መልስ የቤት ሥራ የሚጠብቃት ልጅ ከወንድሟ እኩል አታርፍም። በጨለማ ለብቻዋ ወደ ማዞሪያው መውጣት ያስፈራታል። ክብደት ቀንሺ የሚል ምክር በየአቅጣጫው ትሰማለች። የሚበላው ከሚቃጠለው በእጅጉ ሲያንስ የወር አበባ ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስብራት ይመጣል። የወር አበባ ለወራት መቅረቱን የጠንካራ ልምምድ ምልክት አድርጎ የሚያይ አሠልጣኝ ካለ በጣም ተሳስቷል። ወደ ሐኪም የሚያስሄድ ማስጠንቀቂያ ነው።

ለደከመ ወጣት «በርታ» ማለት ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ሐኪምና «ዛሬ እረፍ» የሚል ታላቅ ሰው ነው። ጠዋት የልብ ምቱ ከወትሮው የፈጠነ፣ እንቅልፍ የራቀው፣ በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ፣ ቀላሉ ሩጫ እንኳ የከበደው ሯጭ ከመጠን ያለፈ ልምምድ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት በደል ነው።

ለደመወዝተኛው

ማለዳ መስቀል አደባባይ ደርሶ የሚያይ ሰው የሥርዓቱን ትንሽ ቅጂ ያገኛል። በደረጃዎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው እየወጣ የሚሮጥ ሕዝብ አለ፦ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ቱታ የለበሰ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ዳር ያስቀመጠ አዛውንት። ብዙዎቹ በየቀኑ የሚመጡ ናቸው። ስም ለስም ሳይተዋወቁ ይተዋወቃሉ። አንዱ ሁለት ቀን ከቀረ ሦስተኛው ቀን «ምነው ጠፋህ?» ይባላል። ይህች ጥያቄ ከብዙ የምክር መጽሐፍ ትበልጣለች።

እ.ኤ.አ. በ2001 በኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሪነት የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያና በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በተወሰኑ እሑዶች መኪና ከጎዳና የሚያስወጣው «መንገድ ለሰው» ከተማዋ ለሯጭ ቀርባ እንድትታይ አድርገዋል። የዓመት ውድድር ጥሩ ግብ ነው። የሚጠቅመው ግን ከውድድሩ ማግስት ያለው ሰኞም አብሮ ከታሰበ ነው።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ለዚህ የሚሆን ቀላል ዘዴ አጥንተዋል። «ስፖርት እሠራለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ መቼ፣ የትና ከምን በኋላ እንደሚሠሩት አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ይበልጥ ይፈጽሙታል። «ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፊቴን እንደታጠብኩ፣ ጫማዬን አጥልቄ ሰፈሬ ወዳለው ሜዳ እወጣለሁ» የሚል ውሳኔ ማለዳ ላይ ክርክር አይፈልግም። ዝናብ ቢዘንብስ? እሱም አስቀድሞ ይወሰናል፦ በረንዳ ላይ ሃያ ደቂቃ ገመድ መዝለል።

የቀረ ቀን

አንድ ቀን መቅረት አይቀርም። ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ሥራ ይበዛል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚያ ቀን ሳይሆን በማግስቱ ነው፤ «አንዴ ከተበላሸ» ብሎ ሙሉውን ይተወዋል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አዲስ ልማድ ለመያዝ በአማካይ 66 ቀን ወስዶባቸዋል፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን የሚገመት ሰፊ ልዩነት ነበራቸው። አንድ ቀን መቅረት ግን ልማዱን አላፈረሰባቸውም። ይህ ለጀማሪ ትልቅ መጽናኛ ነው። ዘግይቶ የለመደ ሰው ከሌላው የባሰ አይደለም፤ አንድ ቀን የቀረም ወደ ዜሮ አልተመለሰም።

ከሕመም ወይም ከጉዳት የተመለሰ ሰው የትናንቱን ራሱን ለመያዝ መሮጥ የለበትም። ካቆመበት በታች ይጀምር። መሮጥ ያቃተው ይራመድ፤ የአምስት ደቂቃ እርምጃና የአንድ ደቂቃ ሩጫ እየቀያየረ ይሂድ። ዕድሜው የገፋ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። ሲሮጥ ደረቱን ያመመው ወይም ራሱን ያዞረው ሰው እዚያው ያቁም፤ በዚህ ላይ ጽናት የሚባል ነገር የለም።

ሻምፒዮን ለመሆን የተፈጥሮ ስጦታ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ማንም ምክር መስጠት አይችልም። ለዓመታት መሮጥ ግን ስጦታ አይፈልግም። ሰው፣ ሰዓትና ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወኔው እስኪመጣ አትጠብቅ፤ አንቺም አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ለአንድ ጎረቤት ወይም ለአንድ የሥራ ባልደረባ ደውሉና ቀንና ቦታ ቁረጡ። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ወሬ ሳይቋረጥ በሚሮጥበት ፍጥነት። ስትለያዩም የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትይዙ አትለያዩ።